ቀድሞ የተመለሰ ጥያቄ

«ሲስተር፣ ድረሽልን! መርፌው ጣቷ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ!»

አንዲት ልብስ ሰፊ የሥራ ጓደኛዋን ደግፋ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ስትገባ፣ ሲስተር መብረቅ የአንድ ሽማግሌ ክንድ ጠቅልላ የደም ግፊት መለኪያውን እየነፋች ነበር። ቀና ስትል መጀመሪያ ያየችው ደሙን ነው። በእራፊ ጨርቅ የተጠቀለለ እጅ፣ ጨርቁም እስከ አንጓ ድረስ ቀልቷል። ቀጥላ የእጁን ባለቤት አየችና የመለኪያው መንፊያ ከእጇ አመለጠ።

«ትንሿ?»

ታናሽ እህቷ ናት። ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷት፣ ባል አግብታ፣ የራሷን ቤት ይዛ እንኳ ቤተሰቡ ሁሉ «ትንሿ» ነው የሚላት። እናታቸው ስትሞት ገና የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ጸጉሯን እየጎነጎነች፣ ደብተሯን በጋዜጣ እየሸፈነች ያሳደገቻት መብረቅ ናት። ትንሿ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ወለሉን ታያለች እንጂ አታለቅስም፣ አትቃትትም። የስፌት መኪና መርፌ ጣቷን በስቶ የገባ ሰው እንዲህ ጸጥ አይልም፤ ይሄ ራሱ ሊያስደነግጣት ይገባ ነበር። መብረቅ ግን የተጣደፈችው ወደ ደሙ ነው።

«ምንም አልሆንኩም እትዬ፤ አትደንግጪ» አለች ትንሿ።

ሽማግሌው መለኪያውን ከክንዳቸው ላይ ራሳቸው ፈቱትና ከዘራቸውን አነሱ። «እኔ ውጭ እጠብቃለሁ ልጄ። የኔ ግፊት እንደሆነ የትም አይሄድም» ብለው ወጡ።

መብረቅ የወጣላት ስም ነው። በዚህ ጤና ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ፣ ታካሚው «ያማል እንዴ?» ብሎ ሳይጨርስ መርፌው ገብቶ ይወጣ ነበርና ሰው እንዲያ አላት። እሷም ስሙን አልጠላችውም። ሰልፍ ስታይ ነፍሷ አይወድም፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ የተደረደረ ሰው ካየች እጇን ያሳክካታል። ጉዷን ያመጣባትም ይኸው ፍጥነቷ ነው። እሱ ግን ቀስ ብሎ ይደረስበታል።

ልብስ ሰፊዋን «ካርድ ክፍል ሂጂና አዲስ ካርድ አስወጪላት» ብላ ላከቻት። ትንሿ እዚህ ታክማ አታውቅም፤ ቢያማትማ ቤት ድረስ መጥታ «እትዬ አሞኛል» ነበር የምትለው። ጨርቁን ፈታች፣ አጠበች፣ ማደንዘዣ ወጋች። የመርፌው ስባሪ ጫፍ በጥፍሯ በኩል ብቅ ብሏል። በመቆንጠጫ ይዛ አንድ ጊዜ ሳብ ስታደርገው ወጣ። ስባሪው ሳህኑ ላይ ሲወድቅ ቅጭል አለ።

«የት ሆነሽ ነው ግን? እግርሽ መርገጫው ላይ፣ ሐሳብሽ ሌላ አገር!»

«እንቅልፍ አልተኛሁም። ለዚያ ነው።»

ደሙን ከመዳፏ ለመጥረግ እጇን ገልበጥ አደረገችው። ያኔ ነው ክው ያለችው።

መዳፏ ላይ ነጠብጣቦች አሉ። ቀላ፣ ጠቆር ያሉ፣ የማያሳክኩ፣ የማያብጡ። የሌላኛውን እጇን መዳፍ ሳትጠይቅ ጎትታ አየች፤ እዚያም አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት መዳፍ ያየ ሰው ይህን አይስተውም። ይህ ከብልት ቁስል ጀምሮ፣ ቁስሉ በራሱ ጊዜ ከጠፋ በኋላ ወደ ደም ገብቶ መዳፍና እግር ላይ የሚወጣ በሽታ ነው። ሰው ዳነልኝ ብሎ ሲዘናጋ ነው እንዲህ ብቅ የሚለው። ቂጥኝ ነው። በሽታው በትንሿ መዳፍ ላይ፣ በዚያች ፊደል በጣቷ እየጠቆመች ባስቆጠረቻት ልጅ መዳፍ ላይ ወጥቷል።

«ይሄ… ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ትንሿ እጇን ሰበሰበች። «ከሳሙና ነው።»

«የምን ሳሙና?»

«አላውቅም። ከሳሙና ነው አልኩሽ እኮ እትዬ።»

በሩ ተንኳኳ። ልብስ ሰፊዋ ናት፤ ካርድ ይዛለች። ግን ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ መብረቅን በጣቷ ጠቀሰቻትና ኮሪደሩ ላይ አስወጣቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ሲስተር፣ ነገር አታመላልሺ እንዳትዪኝ እንጂ እህትሽ ደህና አይደለችም» አለች። «ከሁለት ወር ወዲህ ምሳ ስናወጣ አትቀርብም። ስንስቅ አትስቅም። ትናንት ደግሞ ምን አደረገች መሰለሽ? መቀሷን ለዚያች አዲስ ለገባችው ልጅ ሰጠቻት።»

«መቀሷን?»

«ያንን ጥሩውን መቀሷን! እኛ ለደቂቃ ስንዋሳት እንኳ በዓይኗ የምትከተለውን። ሜትሯንም፣ የጣት ቆቧንም ጨምራ። ‹ምነው?› ስላት ‹ከእንግዲህ አያስፈልገኝም› አለችኝ። ሥራ ልትለቅ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ሌሊቱን ግን ነገሩ ሲከነክነኝ አደረ። ልብስ ሰፊ ሥራ ቢለቅ መቀሱን ይዞ ነው የሚሄደው።»

መብረቅ ይህን ታውቀዋለች። ዘንድሮ ራሱን ሊያጠፋ ያሰበን ሰው ስለ መለየት በወሰዱት የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ፣ ሻይ እየጠጡ በማስታወሻቸው ከጻፉት ነገር አንዱ ይኸው ነበር፤ የሚወዱትን ዕቃ ለሰው ማደል። በራሷ እጅ ጽፋ ከሥሩ አስምራበታለች።

«ደግሞ አዲስ ካርድ ብለሽኝ ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ ወፍራሙን ካርቶን እያቀበለቻት። «የካርድ ክፍሏ ሴትዮ ‹ምን አዲስ ያስፈልጋታል፣ የዘወትር ደንበኛችን አይደለች?› ብላ ይህን ሰጠችኝ።»

ካርቶኑን ገለጠችው። የእህቷ ስም፣ የእህቷ ዕድሜ። በሰባት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ መጥታለች። አንዴ ራስ ምታት፣ አንዴ የሆድ ሕመም፣ አንዴ ደግሞ ራስ ምታት። ሦስቱም ቀን መብረቅ ለክትባት ሰፈር ለሰፈር የዞረችባቸው ማክሰኞዎች ናቸው። ሦስቴም ያየቻት በሁለተኛው ክፍል ያለው አዲሱ ነርስ ነው። ከእያንዳንዱ ጀርባ ባለዘጠኝ ጥያቄው ቅጽ ተያይዟል።

የቅጹ ነገር እንዲህ ነው። ድሮ የአእምሮ ሕክምናም የአባላዘር ሕክምናም ከግቢው ጓሮ በቆርቆሮ በር ባለ ቤት ነበር የሚሰጠው። ወደዚያ የሚዞረውን ሰው አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ በዓይኑ ይሸኘዋል። ማን እንደሆነ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ተነጋግሮ ሳይጨርስ አይተወውም። ስለዚህ ማንም አይዞርም ነበር። ዘንድሮ የጓሮው ቤት ተዘጋና ሕክምናው ወደ ፊት ክፍሎች መጣ። ለግፊትም ይምጣ ለቁርጥማት፣ ማንኛውም ሰው ዘጠኝ ጥያቄ ይጠየቃል። ሰባተኛው ልብ ከብዶት፣ ነገር ሁሉ አስጠልቶት እንደሆነ ይጠይቃል። ስምንተኛው በብልት አካባቢ ቁስል፣ ፈሳሽ ወይም ሕመም እንዳለ። ዘጠነኛው፣ ብሞት ይሻለኛል ብሎ አስቦ እንደሆነ።

መብረቅ ይህን ሥራ ከልቧ ወዳው ነበር። ያን ሰሞን እሁድ ምሳ ላይ፣ ትንሿ በተቀመጠችበት፣ ሹካዋን እያወዛወዘች አውርታለች። «አሁንማ ማንም በጓሮ አይዞርም! ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አፍ አውጥቶ መናገር ያፍራል፤ እኛ ቀድመን እንጠይቀዋለን። ‹አዎ› ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ‹አዎ› ካለ በቃ፣ የቀረው የኛ ሥራ ነው» ብላ ነበር።

እውነትም ሁለት ሳምንት ጠየቀች። ሰልፉ ግን እስከ ግቢው በር ደረሰ። አንዱ ሽማግሌ ስምንተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርሱ «ልጄ፣ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስለ ጉልበቴ ጠይቂኝ!» ብለው ጮኹና አግዳሚው በሙሉ ሳቀ። ኃላፊው በየቀኑ «ቅጹ ይሙላ፣ ቅጹ ይሙላ» ይላል። ሰው ሁሉ ደግሞ መልሱ «የለም» ነው። ታዲያ መብረቅ ምን አደረገች? አርብ ከሰዓት፣ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል፣ መቶ ቅጽ ደርድራ በአረንጓዴ እስክሪብቶዋ በሦስቱ ጥያቄዎች ፊት «የለም» ላይ ምልክት እያደረገች ሁለቱ ክፍሎች በጋራ በሚጠቀሙበት መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠው ጀመር። «ቅጽ ማልበስ» ይሉታል። አዲሱ ነርስ እንኳ «ሲስተር፣ የለበሰ አልቋል» እያለ ይጠይቃት ነበር። ሰልፉ አጠረ፣ ኃላፊው ፈገግ አለ፣ ጤና ጣቢያው በመጠየቅ አንደኛ ወጣ ተባለ። ማን ተጎዳ?

አሁን ሦስቱን ቅጾች አንድ በአንድ ገለጠች። ሰባት፣ የለም። ስምንት፣ የለም። ዘጠኝ፣ የለም። ሦስቱም ላይ አረንጓዴ። የራሷ እጅ፣ ያ ጅራቱ ወደ ላይ ሰንጠቅ የሚል ምልክቷ። ሰማይ ተደፋባት። ካርቶኑን በሁለት እጇ ይዛ ኮሪደሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ልብስ ሰፊዋ «ሲስተር? ውኃ ላምጣልሽ?» ስትላት አልሰማቻትም።

ወደ ክፍሉ ተመልሳ በሩን ዘጋችው። ወንበሯን ጎትታ፣ ጉልበቷ የእህቷን ጉልበት እስኪነካ ድረስ ከፊቷ ተቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ሰምቶት በማያውቀው ዝግታ ጠየቀች።

«ትንሿ፣ ብሞት ይሻለኛል ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ?»

ትንሿ ቀና አለች። ከገባች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየቻት።

«አዎ» አለች።

እንዲሁ ነው ያለችው። ሰው ውኃ ትፈልጊያለሽ ተብሎ እንደሚመልሰው።

«መቼ?»

«ብዙ ጊዜ። ዛሬ ግን ቆርጬ ነበር። ዛሬ ከሥራ ስወጣ።» ትንሿ የቆሰለ ጣቷን አየችው። «መርፌው አስቀደመኝ።»

መብረቅ እጇን አፏ ላይ ጫነች። መጮህ ፈልጋ ነበር፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ እስኪሰማ፣ ኃላፊው ከቢሮው እየሮጠ እስኪመጣ መጮህ። ዛሬ! ይህች ልጅ ዛሬ ቆርጣ፣ ጠዋት ተነስታ፣ ሥራ ገብታ፣ ኪስ ስትሰፋ ነበር! ጩኸቱን ዋጠችው። በምትኩ የእህቷን ጉልበት ይዛ ቀረች።

«ስምንተኛውም አዎ ነው» አለች ትንሿ። አንዴ አፏ ከተከፈተ በኋላ ቃሉ ራሱ ይወጣ ጀመር። «ባለፈው ባሌ ከመንገድ ሲመለስ… ለሁለት ቀን ነበር የመጣው። መኪናውን ጭኖ ሄደ። ከዚያ ቁስል ወጣብኝ። አላመመኝም። በራሱ ጠፋ፤ ተመስገን አልኩ። ኋላ መዳፌ እንዲህ ሆነ። የማይድነው ነው ብዬ ነው። ለሰው ምን ብዬ? ላንቺስ ምን ብዬ? አንቺ ያሳደግሽኝ ሰው ነሽ፤ እንዴት እነግርሻለሁ?»

«ታዲያ ለኔ ካፈርሽ እዚህ ስትመጪ…»

«መጣሁ እኮ! ሦስት ጊዜ መጣሁ። አንቺ የሌለሽበትን ቀን እየመረጥኩ። ‹ቀድመን እንጠይቃለን፣ አዎ ማለት ነው› ብለሽ አልነበር? ራሴን አሞኛል ብዬ ገባሁ። እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ። ልጁ ራሴን ዳበሰኝ፣ ክኒን ጻፈልኝ፣ ወረቀቱ ላይ ስሜን ጻፈና ‹ቀጣይ› አለ። ረስቶት ይሆናል አልኩ። ሁለተኛ መጣሁ። በሦስተኛው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሲጽፍበት አየሁት።»



«ምን አየሽ?»

«አረንጓዴውን።» ትንሿ ወደ እህቷ የደረት ኪስ በአገጯ ጠቆመች፤ እስክሪብቶው እዚያ ተሰክቷል። «የደብተሬን ስህተት የምታርሚበት ምልክት እኮ ነው። ለየሁት። አንቺ ስለ እኔ የመለስሽልኝ መሰለኝ። እትዬ አውቃ ነው፣ ዝም በይ ማለቷ ነው አልኩ። እሷ የለም ካለች በቃ፣ የለም ነው አልኩ።»

መብረቅ ምን ትላለች? ሰልፉ ረዝሞ ነው ትበላት? ሽማግሌው ጮኸውብኝ ነው ትበላት? ተንበርክካ የእህቷን ሁለት መዳፎች ፊቷ ላይ አደረገችና አለቀሰች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ክፍል ውስጥ አልቅሳ አታውቅም። ትንሿ ግራ ተጋብታ በደህናው እጇ ጀርባዋን መታ መታ ታደርጋት ጀመር።

«እትዬ፣ ተዪ በናትሽ። ይድናል ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«በመርፌ!» አለች መብረቅ አፍንጫዋን በክንዷ እየጠረገች፤ ቁጣዋና ለቅሶዋ ተደባልቆባታል። «በመርፌ ነው የሚድነው አንቺ! እዚያ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው መርፌ! ለስንቱ የወጋሁት መርፌ! ለዚህ ልትሞቺ ነበር?»

«በመርፌ?»

«በመርፌ። መጀመሪያ ደምሽ ይታያል። ሌላም ነገር ቢገኝ መድኃኒት አለው፤ ታክሞ በዚህ የሚሞት የለም። እሱም መጥቶ ይታከማል፣ ሳይወድ በግዱ።»

ትንሿ ደረቷን በጣቷ ነካች። «ይሄኛውስ? የመዳፌ ቢጠፋም ይሄኛው የሚለቀኝ አይመስለኝም።»

ይህን መብረቅ በፍጥነት ልትመልሰው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። «ለሱም ሐኪም አለ» አለች ቆይታ። «እሱ እንደ መርፌው ቶሎ አይደለም። ጊዜ ይፈልጋል። ግን ብቻሽን አትሆኚም። ዛሬ እኔ ጋ ነው የምታድሪው፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም።»

ጤና መኮንኗን ጠራቻት። ሠላሳ ዓመት የማይሞላት፣ ጸጥ ያለች ሴት ናት። በሥልጠናው ላይ ከሁሉ ብዙ ጥያቄ የጠየቀችው እሷ ስለነበረች መብረቅ ያን ጊዜ «ሰዓት አታባክኚብን» ብላት ነበር። አሁን ካርቶኑን ሰጠቻትና «እህቴ ናት። ዘጠነኛውን አዎ ብላለች። ዛሬ ነበር» አለቻት። ከዚያ በላይ ድምጿ አልወጣም።

ጤና መኮንኗ ወደ ትንሿ ጎንበስ አለች። «እህትሽ አብራን እንድትቀመጥ ትፈልጊያለሽ?»

ትንሿ መብረቅን አየቻት። ከዚያ «ውጭ ትጠብቀኝ» አለች። «አትሂድ ግን።»

«የት እሄዳለሁ?» አለች መብረቅ።

ጤና መኮንኗ ትንሿን ወደ ራሷ ክፍል ስትወስዳት መብረቅ ኮሪደሩ ላይ ቀረች። ልብስ ሰፊዋ አግዳሚው ላይ በደም የራሰውን እራፊ እያጠፈች እየፈታች ተቀምጣለች። መብረቅ አጠገቧ ደረሰችና «መቀሷን መልሱላት» አለቻት።

«ዛሬውኑ ነዋ!» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ወደ መደርደሪያው ሄደች። ባለፈው አርብ ያለበሰቻቸው ቅጾች ግማሽ ያህሉ ገና ስም ሳይጻፍባቸው ተቆልለዋል። ሁሉንም በእቅፏ ሰብስባ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፈቻቸው። የትንሿን ሦስት ቅጾችም ከካርቶኑ አስቀርታ ነበር። በዚያው በአረንጓዴው እስክሪብቶ፣ በሦስቱም ላይ፣ በምልክቶቿ ላይ አቋርጣ «አልተጠየቀችም» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ፈረመች።

ኃላፊው ስልኩን በመዳፉ አፍኖ ከበሩ ብቅ አለ። «መብረቅ፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት ናቸው። የወሩን ቁጥር እስከ ስድስት ሰዓት ይፈልጋሉ። የአንደኝነቱ የምስክር ወረቀት በዚህ ነው የሚወሰነው ተብሏል። ስንት ሰው ነው የተጠየቀው?»

«አንድ።»

«አንድ ሺህ? ጎሽ! ካለፈው ወርም በለጠ።»

«አንድ ሺህ አላልኩም። አንድ ሰው ነው የተጠየቀው፤ አሁን፣ እዚያ ክፍል ውስጥ። ሌላውን ማንንም አልጠየቅንም። እኔ ነኝ የሞላሁት።»

ኃላፊው ዓይኑ ፈጦ ስልኩን ይበልጥ አፈነው። «ምን እያልሽ ነው? ሰዎቹ መስመር ላይ ናቸው እኮ! ምን ልበላቸው?»

«አንድ በላቸው» አለች መብረቅ። ከመሳቢያዋ ምንም ያልተጻፈበት ቅጽ አወጣችና ከበሩ ውጭ ወዳሉት ሽማግሌ ዞረች። «አባቴ፣ ይግቡ። ይቀመጡ። ዛሬ ትንሽ እንቆያለን።»